ጅማ ላይ አምስት ሳምንት ያረፍንባት ፔንሲዮን

ጅማ የወረድነው ለአስር ቀን ብለን ነበር። አምስት ሳምንት ቆየን። እኔና ባለቤቴ በጉዲፈቻ የምንወስዳትን ልጅ ጉዳይ ለመጨረስ ነው ከአዲስ አበባ የሄድነው። ያረፍነው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፍም። የፔንሲዮኗ ባለቤት የሆኑት እናት "ሰው እየመጣ ስለ ጉዲፈቻ ልጆቹ እንዳይጠይቀኝ" ብለው ለምነውኛል። ግን እንደኛ ሕፃን ይዛችሁ ቀጠሮ የምትጠብቁ ከሆነ ምን ዓይነት ቤት መፈለግ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዝነው ሆቴል ነበር። ሊፍት አለው፣ ዋይፋይ አለው፣ አልጋው ሰፊ ነው። ለሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን አጥሚት የሚሞቅበት ቦታ ግን የለውም። ክፍል ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው፣ ኪችን መግባትም ክልክል ነው። አጥሚት ስናዝ "ሜኑ ላይ የለም" ተባልን። ማሳደጊያው ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በፊት ልጅቷ ከኛ ጋር እንድትለማመድ ፈቅዶልን ስለነበር ልጅቷ አብራን ነች። በሁለተኛው ቀን ሻንጣችንን ባጃጅ ላይ ጭነን ወጣን።

ፔንሲዮኗ ውስጥ ሊፍት የለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሻወሩ የጋራ ነው። እማማ (እንግዳው ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው) ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ ኪችኑን ከፍተው ቡታጋዙን አሳዩን። "ሌሊትም ቢሆን ተነሱና አሙቁላት። ሕፃን ሰዓት አያውቅም" አሉ። ባለቤቴ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ደክሟት ነበር።

ልጃችን የምታውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ከሰላምታ የዘለለ አናውቅም። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ልጅቷ ብድግ ብላ "ኢብሳ! ኢብሳ!" እያለች ማልቀስ ጀመረች። እኛ የምናውቀው ኢብሳ የሰው ስም ነው። ባለቤቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ "ወንድም አላት እንዴ?" አለችኝ። ፋይሏ ላይ ወንድም የሚል የለም። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ሁለት ልጆች ለያየን ማለት ነው እያልን ሆዳችን ተላወሰ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። እማማ ሻሻቸውን ጣል አድርገው፣ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። "ልጆቼ፣ መብራት አምጡልኝ እኮ ነው የምትላችሁ" አሉ። ባትሪውን ለራሷ ሰጧት። ልጅቷ መዳፏን ብርሃኑ ላይ ደፍታ፣ ጣቶቿ ዳርና ዳር ቀይ ሲሆኑ እያየች ዝም አለች። ባትሪውን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠዋት ቡና የኛ ትምህርት ቤት ሆነ። ቢሻን ውሃ፣ አናን ወተት፣ ኮቱ ነይ። ባለቤቴ ደብተር ገዝታ ትጽፍ ነበር። እማማ አንድ ቀን ረከቦቱ ፊት ቁጭ ብለው "ጉዲፈቻ የሚለው ቃልኮ ከኛ ነው የሄደው" አሉን። ከማሳደግ የመጣ ቃል ነው። በኦሮሞ ወግ የጉዲፈቻ ልጅ ከማህፀን ከወጣው እኩል ነው፣ እኩል ይወርሳል፤ ይህንን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። እኔ ቃሉን የማውቀው ከፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ነበር።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከእንግዶች ጋር የተነሷቸው ፎቶዎች አሉ፣ የፈረንጅ ቤተሰቦችም ጭምር። ድሮ የጉዲፈቻ ፈረንጆች የሚከርሙት አዲስ አበባ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ኤምባሲውም እዚያ ስለሆነ። አንዳንዶቹ ግን የልጁን የትውልድ አገር ለማየት ለአንድ ሁለት ሌሊት ጅማ ድረስ ይወርዱ እንደነበር እማማ ነገሩን። በፈረንጆቹ 2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2,500 ገደማ ልጆች ከአገራችን ሄደዋል። በኛ አቆጣጠር በጥር 2010 ፓርላማው ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። እማማ ክልከላውን ይደግፋሉ። "እናንተ ስትመጡ ደስ ያለኝ፣ ልጅቷ እዚሁ አገሯ ስለምታድግ ነው" አሉን። ፎቶዎቹን ግን አላወረዱም። በተለይ አንዲትን ሴትዮ ያነሷታል። ከልጁ ወላጅ እናት ጋር ቁጭ ብላ፣ በቋንቋ ሳይግባቡ አብረው ስታለቅስ ያመሸችውን። ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

የዘገየነው በወረቀት ምክንያት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ የገቢ ማስረጃችን፣ የጤና ምርመራችን ሁሉ መተርጎም ነበረበት። አንዱ ትርጉም ላይ ማህተም ተረስቶ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ተገፋ። ማንም ይቅርታ አላለንም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አስተርጉማችሁ፣ ገጽ በገጽ ማህተሙን አይታችሁ ሂዱ። ይህ ጊዜ በሆቴል ሒሳብ ቢሆን ኖሮ አንችለውም ነበር። ፔንሲዮኗ ለአንድ አዳር 700 ብር ነበር። መቆየታችን ሲታወቅ እማማ ራሳቸው ወደ 500 አወረዱልን፣ እኛ አልጠየቅንም።

ችግሩንም ልናገር። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው ካለቀ በጀሪካን ነው። ጠዋት ሻወሩ ጋ ወረፋ አለ። ከአጥሩ ጀርባ ባጃጅ የሚጠግኑበት ጋራዥ አለ፤ ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ብረት ይቀጠቀጣል። እንቅልፍ ለሚወድ ሰው አይሆንም። ዝናብም አለ፣ የጅማ ዝናብ። ልብስ አይደርቅም። እማማ የልጅቷን ልብስ ከሰል ላይ ቅርጫት ደፍተው ያደርቁላት ነበር፤ እስከ አሁን ያ የእጣን ሽታ ያለው ሹራብ አለን። ሐሙስ ገበያ ሄደው ደግሞ ለቁመቷ የምትሆን ባለሦስት እግር በርጩማ ገዙላት። ሒሳብ ስንዘጋ ልከፍል ብል ተቆጡኝ። "ለልጅ ልጄ ነው የገዛሁት" አሉ።

የምትሄዱ ከሆነ ወረቀት ላይ የሌለውን ነገር ጠይቁ። ኪችን ይፈቀዳል? ሌሊት ውሃ ማፍላት ይቻላል? ሕፃን ብታለቅስ ጎረቤት ይቆጣል? ስሟን ባልጽፍም፣ አጋጣሚ እዚህች ፔንሲዮን ከገባችሁ ደግሞ ከኪችኑ አጠገብ ያለውን አራት ቁጥር ክፍል ያዙ። ከጋራዡ ይርቃል፣ ሌሊትም እማማ ሲያስሉ ይሰማል፤ እንደ ነቁ ታውቃላችሁ። ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። የሳቸውን ልጃችን ይዛው መጣች።