ለሩቅ ቅርንጫፍ የቱ ራውተር? ያገለገለ ሲስኮ፣ ሚክሮቲክ ወይስ ሁዋዌ

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ መሐል ሜዳ ያለውን ራውተር አፕዴት ማድረግ ቀላል ነው፤ ተመልሶ ከተነሳ። አንድ ክረምት ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ አሮጌውን ኢሜጅ (ራውተሩ የሚነሳበትን የሶፍትዌር ፋይል) አጠፋሁ፤ አዲሱ ለካ ተቆርጦ ነው የገባው። ሳላጣራ ሪቡት አልኩት። ጥፋቱ የኔ ነበርና ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን በቀጥታ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘውን) ይዤ የጣርማበርን ጉም ያቋረጥኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ራውተር ግዛልኝ ለሚለኝ ሁሉ ከፍጥነቱ በፊት የማየው ሁለት ኢሜጅ መያዙን ነው፤ አንዱ ሲበላሽ በሌላው መነሳቱንም።

(ትእዛዞቹን በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።)

ያገለገለ ሲስኮ 2911 በዚህ በኩል የሚታማ አይደለም። ከ256 ሜጋባይት ፍላሹ (የፋይል ማከማቻው) ላይ አንድ ኢሜጅ 100 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚወስድ ሁለት ይገባል። «ቡት ሲስተም ፍላሽ» ብላችሁ የፋይሎቹን ስም ስትሰጡት በተጻፉበት ተራ ይሞክራቸዋል፤ የመጀመሪያውን ካጣው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዲሱ መስመር የሚገባው ከአሮጌው በታች ነው፤ አሮጌውን በ«ኖ ቡት ሲስተም» አንስታችሁ ተራውን እንደገና ካልጻፋችሁ ራውተሩ በድሮው ይነሳል፣ እናንተም አፕዴቱ እምቢ አለ ትላላችሁ። ከሪቡት በፊት በ«ቬሪፋይ» የኤምዲ5 ቁጥሩን (ፋይሉ ሳይጎድል መግባቱን የሚያሳየውን) አመሳክሩ፣ ለውጡ እንዲቀመጥ «ራይት ሜሞሪ»ም በሉ።

ችግሩ ሌላ ነው፦ ኢሜጁን ከሲስኮ ለማውረድ የአገልግሎት ውል ያስፈልጋል፣ የሞዴሉ ድጋፍም በ2022 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ስለዚህ ብሩን ሳትቆጥሩ ሱቁ ውስጥ አስነሡት። «ሾው ቨርዥን» መጨረሻ ላይ የሚያሳየው ቁጥር (ራውተሩ እንዴት እንደሚነሳ የሚወስነው) 0ኤክስ2102 መሆን አለበት። 0ኤክስ2142 ካለ ሻጩ የይለፍ ቃል ሊያልፍ ቀይሮ ሳይመልሰው ቀርቷል፤ እንዲሁ ከወሰዳችሁት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኮንፊጉን (የተቀመጠለትን ቅንብር) ሳያነብ ይነሳል።

ሚክሮቲክ ፋይሉን በነፃ ነው የሚሰጠው፤ አስገብቶ ሪቡት ማድረግ ይበቃል። ቡትሎደሩ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) ግን ለብቻው በ«ሲስተም ራውተርቦርድ አፕግሬድ» ይታደሳል፣ ሌላ ሪቡትም ይፈልጋል። ሞዴል ስትመርጡ ተጠንቀቁ፦ እንደ ኤችኤፒ ኤሲ2 ያሉት ፍላሻቸው 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያ ኢሜጅ የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ከወደቁ በኔትኢንስቶል (ከኮምፒውተር በኬብል ሲስተሙን እንደገና በሚጭነው የሚክሮቲክ ፕሮግራም) ነው የሚነሱት፤ እሱ ደግሞ ኔትዎርክ ኬብሉን የሚሰካና ሪሴቱን ተጭኖ የሚይዝ ሰው እዚያው ይፈልጋል። ሌላው የሚክሮቲክ ሞዴል አርቢ4011 ግን 512 ሜጋባይት ፍላሽ አለው፤ በ«ፓርቲሽንስ» ሁለት ከፍላችሁ የሚሠራውን ሲስተም በ«ኮፒ ቱ» ወደ ሁለተኛው ትገለብጣላችሁ፣ አንዱ ሲወድቅ በየትኛው እንደሚነሳ የሚወስነውን «ፎልባክ ቱ»ንም ታስተካክላላችሁ። መክፈሉን ሥራ ላይ ሳይውል ጨርሱት፤ ማከማቻውን እንደ አዲስ ፎርማት ያደርገዋል።

የሁዋዌ ኤአር ራውተሮች በ«ስታርትአፕ ሲስተም ሶፍትዌር» ቀጣዩን ፋይል ይቀበላሉ፣ «ዲስፕሌይ ስታርትአፕ» ደግሞ አሁን የተነሳበትን፣ ቀጣዩንና መጠባበቂያውን ለይቶ ያሳያል። ለማንበብ ከሦስቱ የሚቀለኝ ይሄኛው ነው።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ላለ ካፌ ትንሹ ሚክሮቲክ ይበቃል፤ ቢወድቅም በባጃጅ ይደረስበታል። ለመሐል ሜዳ ወይም ለአጣዬ ግን አርቢ4011ን ነው የምገዛው፣ ከዩፒኤስ ጋር። ሲስኮውን የምወስደው ሻጩ ሁለት የሚሠሩ ኢሜጆች ፍላሹ ላይ ካሳየኝ ብቻ ነው።