ለሐዋሳዋ ፋርማሲስት ምስጋና፣ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስትን በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። ስሟን ሳላስፈቅዳት ማውጣት ስለማይገባኝ እዚህ አልጽፈውም።

የሁለት ዓመቱ ልጃችን ተቅማጥና ትውከት ይዞት ከእናቴ ጋር ወሰድነው። ባለሙያዋ ወደ መደርደሪያው ከመዞሯ በፊት ጠየቀችን፦ ደም አለው? ይሸናል? ሲያለቅስ እንባ ይወርደዋል? የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ወዲያው ወደ ቦታው ሲመለስ ፊቷ ፈታ አለ። ከዚያ ለምለም (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የግሉኮስ ዱቄት፣ ORS) እና ዚንክ ሰጠችን።

እናቴ "ጨው ጨው ይላል፣ ትንሽ ስኳር ብንጨምርበትስ?" ስትላት፣ "አይሆንም እማማ" ብላ ብቻ አላለፈችም። የዚንኩን ካርቶን ገልብጣ የአንጀት ሕዋስ ሣለችልን። በደም በኩል ባለው የሕዋሱ ገጽ ላይ አንድ ፓምፕ አለ፤ ጉልበት እያወጣ 3 ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ያስወጣና 2 ፖታሲየም ያስገባል። ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ሶዲየም ምንጊዜም ጥቂት ነው። አንጀት ውስጥ ያለው ሶዲየም ታዲያ ከሚበዛበት ወደሚያንስበት ይገፋል፤ በአንድ በር ሲገባም ግሉኮስን (አንድ የስኳር ዓይነት ነው) እጁን ይዞ ያስገባዋል፣ 2 ሶዲየም ከ1 ግሉኮስ ጋር። ግሉኮሱ በሕዋሱ ውስጥ ቀድሞ ቢበዛ እንኳ ይገባል፤ የሚያስገባው የሶዲየሙ ግፊት ነውና። ውኃው ደግሞ ሁለቱን ተከትሎ ያልፋል። የሚደንቀው፣ ይህ በር ኮሌራ በያዘው ሰው አንጀት ውስጥም ሥራውን አያቆምም።

ስኳር ሲበዛ ግን በሩን ማለፍ ያቃተው አንጀት ውስጥ ይቀርና ውኃውን ከሰውነት መልሶ ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። በ1 ሊትር 2.6 ግራም ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፦ በፓኬቱ ውስጥ ካለው ሲትሬት የሚገኘው ሶዲየም ሲደመርበት ሶዲየሙም ግሉኮሱም በቅንጣት ብዛት እኩል፣ 75 ሚሊሞል ይሆናሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ሌላ ቃሏ ነው፦ "ለምለም ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም፤ የሚወጣውን ውኃና ጨው ይተካል።" ብዙ ወላጅ "አልሠራም" ብሎ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ልጁ አሁንም ሲያስቀምጠው እኛ በማንኪያ መስጠታችንን ቀጠልን፤ ሲያስታውከው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀን ቀስ እያልን እንደገና። አንዱን ፓኬት በንጹሕ 1 ሊትር ውኃ መበጥበጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን መድፋት፣ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን መጨረስ፤ ሁሉንም በእጇ ጽፋ ሰጥታናለች። ደም ከታየ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንድንወስደውም አስጠንቅቃናለች።

ልጃችን ዛሬ ደህና ነው። እናቴ ካርቶኑን አስቀምጣው ቡና ሊጠጡ ለሚመጡ ጎረቤቶች እያሳየች ታስረዳበታለች።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ሐዋሳ ያላችሁና መድኃኒት ቤቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እጠቁማችኋለሁ።