አራስ ልጅን በሰዓት ማጥባት ወይስ ሲፈልግ?

እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን በየ3 ሰዓቱ በአላርም ነበር የማጠባው፣ ሁለተኛዋን ግን ራሷ ስትፈልግ።

የሰዓቱ ጥሩነት ቀንሽ መልክ ይይዛል፣ መቼ ጋደም እንደምትይ ታውቂያለሽ፣ የሚያግዝሽ ሰውም ተራውን ያውቃል። ችግሩ የአራስ ሆድ በጣም ትንሽ ነው የጡት ወተት ደግሞ ቶሎ ይፈጫል፣ ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል፣ አመሻሽ ላይማ በየሰዓቱም ሊሆን ይችላል፣ እና ገና ሰዓቱ አልደረሰም ብለሽ ስታቆዪው ያለቅሳል፣ አምርሮ ካለቀሰ በኋላ ደግሞ ጡት መያዝ ያቅተዋል። ወተት የሚመረተው በተጠባው ልክ ስለሆነ ማዘግየቱ ወተትሽንም ሊቀንሰው ይችላል።

ሲፈልግ ማጥባት ማለት ግን ለቅሶ መጠበቅ አይደለም! እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ወይ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወዲህ ወዲያ ሲያዞር ስጪው። አድካሚ ነው አልደብቅሽም፣ ምን ያህል እንደጠባም ያሳስባል፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ ግን በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ ጥሩ ምልክት ነው።

እንቅልፍ ላይ ብዙም ልዩነት የላቸውም፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንና ሌሊት አይለይም። ቀን ብርሃን፣ ማታ ደብዘዝ ያለ መብራትና ዝምታ ቀስ በቀስ ያለማምደዋል፣ ሁሌም በጀርባው አስተኚው።

እኔ ሲፈልግ ማጥባቱን እመርጣለሁ፣ አላርሙን ግን ጨርሰሽ አትተዪው፣ እንቅልፋም ልጅ ከሆነ የተወለደበት ኪሎ ላይ እስኪመለስ ድረስ ቀስቅሰሽ ማጥባት አለብሽ።