ከጎን ነው የሚያምረው፦ 071 ሞዴል ባቡሬ ከወራት በኋላ

ሻጩ ስለ ሐዲዱ ጥበት «ማንም አያየውም» ብሎኝ ነበር። ድሬዳዋ ያደገ ጓደኛዬ ግን ቡናው ሳይፈላ አየው።

የምኖረው ደብሊን ነው። ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ጋር ረጅም መደርደሪያ ዓይን ትክክል ላይ ሰቅዬ፣ እሱ ላይ ሐዲድ ዘርግቻለሁ። ጓደኛዬ ከመደርደሪያው ጫፍ ተቀምጦ ባቡሩ በግንባሩ ወደ እሱ ሲመጣ ትንሽ አየውና «የአየርላንድ ሐዲድም እንደኛው ጠባብ ነው እንዴ?» አለኝ። የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን ሐዲድ እየተሻገረ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው ነው። ጠባብ ሐዲድ ሲያይ ያውቃል። «ኧረ የዚህ አገርስ ሰፊ ነው፤ 1 ሜትር ከ60 ነው» ስለው «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ይህን ግምገማ የምጽፈው የዚያ ጥያቄ ንዴት ስላልበረደልኝ ነው።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 071 የሚባለው የአየርላንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። 18 ነበሩ፤ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ላ ግሬንጅ ባለው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ1976 ተሠርተው መጡና ከ071 እስከ 088 ቁጥር ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ የደብሊንና የኮርክ ፈጣን ባቡር የሚጎትቱት እነሱ ነበሩ። በ1994 ከካናዳ 201 የሚባሉት ጠንከር ያሉ መምጣት ሲጀምሩ (የመጀመሪያዋን በአንቶኖቭ አውሮፕላን ጭነው ነው ያመጧት፤ እንዲህ ያለ ጥድፊያ!) ቀስ በቀስ ወደ ዕቃ ጭነት ወረዱ። የእኔ ሞዴል የመጀመሪያውን ብርቱካንማና ጥቁር ቀለም የለበሰው ነው። ልኩ ከእውነተኛው በ76 እጅ ያነሰ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ገደማ፣ ውስጡ የድምፅ ቺፕ ያለው፣ ከ300 ዩሮ በላይ ያወጣሁበት።

ሌላ ሌላው ደህና ነው። ሞተሩ አይንጫጫም፣ መብራቱ በሄደበት አቅጣጫ ይቀያየራል፣ ቀለሙ እስካሁን አልተላጠም። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ባለቤቴ «መብራት ጠፋ እንዴ? ጄኔሬተር ነው?» ትላለች፤ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

የሎኮሞቲቩ አካል በ76 እጅ ሲያንስ ሐዲዱም በ76 እጅ ማነስ ነበረበት። 1600 ሚሊ ሜትር በ76 ሲካፈል 21 ሚሊ ይመጣል። ሱቅ የሚሸጠው ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊ ነው። «አራት ተኩል ሚሊ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። መልሳችሁ በ76 አባዙት፤ 34 ሳንቲ ሜትር ነው! መቶ ቶን የሚጠጋ ሎኮሞቲቭ ከሚቆምበት ላይ 34 ሳንቲ ሜትር ቀንሰውበታል። ከጎን ስታዩት ምንም የለበትም። ከፊት ስታዩት ግን ትከሻው ሰፊ የሆነ ጎረምሳ የታናሽ ወንድሙን ጫማ ተጫምቶ የቆመ ይመስላል፤ መስኮቱ፣ መብራቱ፣ የግንባሩ ቀለም ሁሉ ልክ ሆኖ ከሥር ሁለቱ የብረት ጎማዎች ወደ መሀል ተሰብስበዋል። ከጎማው ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። አንዴ ካያችሁት ደግሞ ዓይናችሁ ሌላ አያይም።

ጥፋቱ የአየርላንዶች አይደለም። ልማዱን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። የእነሱ ሎኮሞቲቮች ቀጫጭኖች ስለሆኑ የዚያን ዘመን ሞተር አካሉ ውስጥ አልገባ ሲል፣ ሞዴል ሠሪዎቹ አካሉን አሳደጉና ሐዲዱን በነበረበት በ16.5 ተዉት። በእንግሊዝ ሐዲድ፣ ማለትም 1435 ሚሊ በሆነው ላይ፣ የሚጎድለው 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እነሱ በዚያችው ስንት ዓመት ሲነጫነጩ ኖረዋል። አየርላንድ ላይ ጉድለቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አየርላንድ ለምን 1600 ሆነች? ይሄ ሳያስቀኝ አልፎ አያውቅም። የመጀመሪያው ባቡር በ1834 ከደብሊን ኪንግስታውን ሲሄድ ሐዲዱ እንደ እንግሊዝ 4 ጫማ ከ8 ኢንች ተኩል ነበር። ከቤልፋስት የተነሳው ኩባንያ 6 ጫማ ከ2 ብሎ ዘረጋ። የደብሊንና ድሮጌዳው ደግሞ 5 ጫማ ከ2 አለ። ሦስት ኩባንያ፣ ሦስት ስፋት፣ በአንዲት ትንሽ ደሴት! ለንደን አንድ ጄኔራል ፓዝሊ የሚባሉ የባቡር መርማሪ ሹም ነበሩ፤ ነገሩ ወደ እሳቸው ሲቀርብ ሊቃውንቱን ጠየቁ፣ ሁሉም የየራሱን አለ፤ እሳቸው አማካዩን ይዘው 5 ጫማ ከ3 ኢንች ብለው ገላገሉ ይባላል። በ1846 ሕግ ሆነ። ማንም ያልጠየቀው ስፋት የአገሩ ስፋት ሆኖ ቀረ፤ ከዚያም አልፎ አውስትራሊያና ብራዚል ድረስ ሄደ። እውነተኛዎቹ 071ዎች አሜሪካ ሲሠሩም ለዚሁ ስፋት ተብሎ ነው እግራቸው የተሠራ። አሜሪካኖቹ እንኳ አክብረውታል፤ የእኔ ሞዴል ሠሪ ነው ያላከበረው።

የማያምነኝ ማላሃይድ ጣቢያ ይሂድ። ከደብሊን በስተሰሜን ነው፤ ከናቫን ማዕድን ዚንክ ጭኖ ወደ ደብሊን ወደብ የሚወርደው ባቡር በዚያ ያልፋል፤ የሚጎትተውም 071 ነው። እዚያው አጠገብ የሲረል ፍራይ ሞዴል ባቡሮች የሚታዩበት ሙዚየም አለ። ሰውዬው የኢንቺኮር ባቡር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ የአገራቸውን ባቡር በሞዴል ሲሠሩ ኖረዋል። እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ሙዚየሙን አሳይና ቀጥሎ ጣቢያው ላይ አቆማለሁ። የዚንኩ ባቡር በድልድዩ ላይ ወደ ጣቢያው ሲመጣ ከፊት እዩት። እግሩን ከፍቶ፣ መሬቱን ተቆጣጥሮ ነው የሚመጣው። መድረኩ ይርገበገባል። ቤት ተመልሼ የእኔን ስለቀው አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ወደ ሻጩ። ስሙን አላነሳም፤ እሱም ሠሪውም ይቅርባቸው። ሳጥኑ ላይ «ለ21 ሚሊ የተዘጋጀ» ይላል። ሻጩም ይህንኑ ደገመልኝ፦ «ካልተመቸህ ለ21 ሚሊ የሚሆን የራሱ ጎማ አለው፤ ያንን አውጥተህ ይሄን መክተት ብቻ ነው።» ጎማዎቹንም አብሮ ሸጠልኝ። ብቻ! ይቺን «ብቻ» የሚሉ ሻጮች ዕቃውን በእጃቸው ፈተው ያውቃሉ?

እኔ ፈታሁት። ትንሿን ካቻቢቴ ይዤ፣ አምፖሉን አቅርቤ፣ ነጭ ፎጣ አንጥፌ (ብሎኑ ከምስር አያክልም፤ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ ደህና ሁን ነው)። ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ሁለት ቦጊ፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዘ ጋሪ፣ አለው፤ እያንዳንዱ ሦስት አክስል (ጎማዎቹን ጥንድ ጥንድ የሚያያይዝ ዘንግ) ተሸክሟል። አክስሉ እውነትም ይወጣል፤ እስከዚህ ሻጩ አልዋሸም። ግን ኤሌክትሪኩን ከጎማው የሚቀበሉ እንደ ጸጉር የቀጠኑ የመዳብ ምላሶች አሉ፤ የጎማውን ጀርባ እየነኩ ነው የሚሠሩት። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ምላሱ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዷን በፒንሳ ማጠፍ ነው፤ ትንሽ ካነሰ አይነካም፣ ትንሽ ከበዛ ጎማውን ይይዘዋል። የፍሬን ጫማዎቹ ደግሞ ለ16.5 ተብለው ከቦጊው ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው፤ 21 ላይ ጎማውና ፍሬኑ አይተያዩም፤ ቆርጦ ማውጣትና እንደገና ወደ ውጭ ማጣበቅ ነው። «የተዘጋጀ» ማለት ይሄ ነው? እንደዚያ ከሆነ ያልታረደ በግም ለጥብስ የተዘጋጀ ነው።

ሻጩ አሁን ቢሰማኝ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለዐዋቂ ነው» ይለኛል። እሺ፣ ዐዋቂ ነኝ፣ ቀየርኩትም እንበል። ከዚያስ? የት ላይ ነው የምነዳው? ባለ 21 ሐዲድ እንደ 16.5ቱ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ የሚገዛ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ሐዲዱን ከአግዳሚው ጋር አንድ በአንድ እየበየደ በእጁ ነው የሚሠራው። ቀጥታውስ ይሁን። ባቡሩ መስመር የሚቀይርበት መገንጠያ ላይ ግን የሐዲዱን ምላስ በሞረድ እያሳሳ ስንት ምሽት የሚያድር ሰው አውቃለሁ። ውጤቱ ያምራል፤ እጄን አንስቼ አደንቃለሁ። ብቻውን ነው የሚነዳው ግን።

ይሄ ነው ሻጩ ያልገባው፣ ጓደኛዬም የማያውቀው። እኔ ባቡሩን የገዛሁት ብቻዬን ላየው አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጡረታ የወጡ አይሪሽ ጎረቤቴ የሲሚንቶ ፉርጎዎቻቸውን በጫማ ካርቶን ይዘው ይመጣሉ፤ በወጣትነታቸው ባቡር ላይ የሠሩ ናቸው። የእኔ 071 የእሳቸውን ፉርጎ ይጎትታል፤ እሳቸው ደግሞ ሻያቸውን ይዘው የትኛው ጣቢያ ላይ ምን ይራገፍ እንደነበር ያወራሉ። የእህቴ ልጅ መቆጣጠሪያውን ይዞ «ጋሼ፣ ቀንድ ልንፋ?» እያለ ያስቸግራቸዋል፤ እሳቸው ሁሌም «ንፋ» ይላሉ። ደግሞ አልፎ አልፎ አዳራሽ ተከራይተው የሚሰበሰቡ አሉ፤ እያንዳንዱ ቤቱ የሠራውን ሰሌዳ ያመጣል፣ ጫፍ ለጫፍ ይገጣጠማል፣ ያንዱ ባቡር ከሌላው ጣቢያ ገብቶ ይወጣል። ያ ሁሉ የሚሆነው ሐዲዱ ለሁሉም 16.5 ስለሆነ ነው። የእኔን ወደ 21 ባወጣው የጎረቤቴ ፉርጎ መደርደሪያዬ ላይ አይቆምም፤ የእኔም ባቡር አዳራሹ ደርሶ ይመለሳል።

ስለዚህ አክስሎቹን በነበሩበት መለስኩ፤ ምላሶቹንም አልነካሁም። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ ትክክል የሆነውን ነገር ከሰው ጋር ለመጫወት ስትል መተው ያናድዳል። ይህን ያደረገብን ደግሞ ከስንት ዘመን በፊት ሞተር አልገባ ያለው የእንግሊዝ ሠሪ ነው።

«ልግዛ ወይስ ልተው?» ለምትሉኝ፦ ግዙ። እውነት ነው የምላችሁ፤ በድምፁ ብቻ ገንዘቡን ይመልሳል። መደርደሪያችሁን ግን እንደኔ ዓይን ትክክል አትስቀሉ፤ ደረት አካባቢ ሲሆን ከላይ ወደ ታች ስለምታዩት ስፋቱ ብዙም አያስታውቅም። በግንባሩ የሚመጣበት ቀጥታ መንገድም አታብጁ፤ ጫፉን ወደ ጎን አጥፉት። ሻጩ «የተዘጋጀ ነው» ሲላችሁ «እስቲ እዚሁ ቀይርልኝ» በሉትና ፊቱን እዩ። የጠባብ ሐዲድ ፍቅር ካለባችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አየርላንድም የ3 ጫማ ሐዲድ ነበራት፤ ሕዝብ ያመላልሱ ከነበሩት የመጨረሻዋ የዌስት ክሌሯ በ1961 ተዘጋች። የእሷን ሞዴል ብገዛ ኖሮ ጓደኛዬ ምንም አይወጣውም ነበር።

ባለ 21 ጎማዎቹ ከነማሸጊያቸው መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አልተነኩም። ሐዲዱን በእጁ የሚሠራ፣ ትዕግሥትና ፒንሳ ያለው ሰው ከመጣ በገዛሁበት እለቃለሁ። የፖስታው ወጪ በገዢው ነው።