ሊቲየም ተብሎ ደረቅ ባትሪ እየተሸጠ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ አንብቡት

ሰላም የሞተር ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ ሞተር ልገዛ ነው እያለኝ ነው፣ አይፈረድበትም፣ ቤንዚን በ2017 ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ወዲህ ዴሊቨሪ የሚሰራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ማታ ሲቆጥረው ብዙው ማደያ ቀርቷል፣ የማደያው ሰልፍ ደሞ ሌላ ጣጣ። በዛ ላይ አዲስ አበባ ከፍታዋ የታወቀ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር እዚ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪክ ግን አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ምንም አያረገውም። እኔ ከቦክሰርና ከቲቪኤስ የቤንዚን ሞተሮች ጋ ስታገል የኖርኩ መካኒክ ነኝ፣ አሁን ግማሽ ስራዬ ኤሌክትሪክ ሆኗል፣ ስለዚ ነገሩን ጠልቼው አይደለም የምጽፈው፣ ጥሩ ጥሩ ሞተር ገብቷል። የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ሽያጭ ነው፣ ሊቲየም ነው ተብሎ፣ በሊቲየም ዋጋ፣ ውስጡ ደረቅ ባትሪ፣ ማለትም የታሸገ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የታጨቀበት ሞተር።

የሰፈራችን የዴሊቨሪ ልጅ ነው፣ እቁብ ወጣለት፣ ላዩ ላይ ከዘመድ ተበድሮ ጨመረና ገዛ። የተነገረው “72 ቮልት ሊቲየም፣ 3000 ዋት፣ አንዴ ቻርጅ ካረግከው 120 ኪሎሜትር ይወስድሃል” ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ሞክሮት በጣም ደስ ብሎታል፣ ሜዳ ነዋ! ስራ ሲጀምርበት ግን ከሰዓቱን እንኳን አይጨርስለትም፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ እንደ ሽማግሌ እያለከለከ ይወጣና እዛው ይቆማል። እየገፋ አመጣልኝ። ወንበሩን አነሳሁት፣ ሳጥኑ ላይ ትልቅ የሊቲየም ስቲከር ተለጥፏል፣ ብሎኑን ፈታሁና ከፈትኩት፣ ስድስት ደረቅ ባትሪ በሽቦ ተያይዞ ቁጭ ብሏል። ሻጩጋ ስንደውል መጀመሪያ “ሊቲየም ነው” አለ፣ ፎቶ ስንልክለት “ግራፊን ነው፣ ከሊቲየም ይበልጣል” አለ፣ ከዛ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ያንን ሱቅ ብትሸሹ ሌላው ጋ ያው ወሬ ይጠብቃችኋል።

ግራፊን የሚሉትን ነገር እንየው። ገበያ ላይ ለሞተር የሚሸጠው ግራፊን ባትሪ ያው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፣ ሳህኑ ላይ ትንሽ የካርቦን ዘር ጨመሩበት እንጂ። ከተራው ደረቅ ባትሪ ትንሽ ሊሻል ይችላል እሺ፣ ከሊቲየም ጋ ግን አይገናኝም። ደረቅ ባትሪ እስከታች እያሟጠጣችሁ ከነዳችሁት ከ300 እስከ 500 ቻርጅ ቢያገለግላችሁ ነው፣ ቀን በቀን ለሚሰራ ልጅ ይሄ ዓመት ምናምን ማለት ነው፣ ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ዓይነት ግን 2000 እና ከዛ በላይ ይሄዳል። የዋጋቸው ልዩነት ደሞ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ሌብነቱም እዚጋ ነው ያለው። ደረቅ ባትሪ መግዛት ወንጀል አይደለም፣ ለቅርብ መንገድ ይበቃኛል የሚል ሰው አውቆ በዋጋው ይግዛው፣ እኔ የምለው በሊቲየም ዋጋ አትግዙት ነው።

አሁን ወደ 120 ኪሎሜትሩ እንምጣ፣ ካልኩሌተር አውጡ። ባትሪው 72 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ ሁለቱን ስታባዙት 1440 ዋት ሰዓት ነው፣ በቃ ታንከሩ ይሄ ነው፣ ከዚ በላይ የለውም። ሰው ተጭኖ በሰዓት 45 አካባቢ የሚነዳ ሞተር በኪሎሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል። ባትሪውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ብትጨርሱት እንኳን 40 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ እስከመጨረሻ ደሞ አይጨረስም፣ ስለዚ 30 ቢሰጣችሁ አመስግኑ። 120 የሚባለው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ፋብሪካው አንድ ቀጭን ሰው አስቀምጦ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ እየነዳ የሚለካው ነው፣ ከኋላ የዴሊቨሪ ሳጥን የለ፣ የቸርችል ዳገት የለ። ደረቅ ባትሪ ደሞ ሌላ ጠባይ አለው፣ በሃይል ስትስቡት ውስጡ ያለውን ሁሉ አይሰጣችሁም፣ 20 ብሎ የጻፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሳብ ነው፣ ዳገት ላይ 30 እና 40 አምፔር ሲሳብ ያ 20 ወደ አስራ ምናምን ይወርዳል። ልጁ ሽሮ ሜዳ ላይ የቆመው ለዚ ነው፣ ትንሽ አረፍ ሲል ደሞ ተመልሶ ይነሳል፣ እሱን አይቶ ችግሩ የገመድ ነው ብሎ ሌላ መካኒክ ጋ ገንዘብ የከፈለም አውቃለሁ።

እንዴት እንለየው ላላችሁኝ፣ ወንበሩ ይነሳ በሉ፣ አይነሳም ካሏችሁ ውጡ። ሳጥኑ ተከፍቶ ስድስት እኩል እኩል ጡብ የሚመስል ባትሪ ተያይዞ ካያችሁ ምንም ይለጠፍበት ምን ደረቅ ባትሪ ነው፣ እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ ስድስቱ 72። ሊቲየም ብዙ ጊዜ አንድ የታሸገ ሳጥን ነው፣ ውስጡ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለው። ሳጥኑ ታሽጓል አይከፈትም ካሉ በክብደቱ ታውቁታላችሁ፣ ባለ 20 አምፔር ሰዓት ደረቅ ባትሪ ስድስቱ አንድላይ 40 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ያው መጠን ያለው ሊቲየም 15 ኪሎ አይሞላም፣ ማለትም ሊቲየም ከሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ አውጥቶ ፎቅ ይዞት ይወጣል። አውጣልኝና ልያዘው በሉት። ሌላው ቻርጀሩ ነው፣ ገልብጡትና ጀርባው ላይ ያለውን የቻይና ጽሁፍ በስልካችሁ ካሜራ አስተርጉሙት፣ ብዙ ጊዜ ለእርሳስ አሲድ ባትሪ ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፣ ሻጩ ስቲከር መለጠፍ አይረሳም ቻርጀሩን ግን ይረሳል። በቮልት እለየዋለሁ የምትሉ ግን ተጠንቀቁ፣ የደረቅ ባትሪው ቻርጀር 88 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ 24 ሴል ያለው ፎስፌት ሊቲየም ደሞ 87.6፣ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ሄዳችሁ ምንም አትለዩም።

ደረቅ ባትሪ መሆኑን አውቃችሁ የምትገዙም ብትሆኑ ሌላ ማጭበርበሪያ አለላችሁ፣ ባለ 20 ባትሪ ላይ የባለ 32 ስቲከር ለጥፈው ይሸጣሉ። ይሄን የአትክልት ሚዛን ያጋልጠዋል፣ ባለ 20 አንዷ ፍሬ 7 ኪሎ አካባቢ ናት፣ ባለ 32 ደሞ ወደ 10 ትጠጋለች። ባትሪው ላይ የተመታውን የምርት ቀንም እዩ፣ እንደኔ ሰው የማያስበው ይሄንን ነው። ሞተሩ አዲስ ነው፣ ጎማው ላይ ያለው ፀጉር እንኳን አልረገፈም፣ ግን ባትሪው መርከብ ላይ፣ ጅቡቲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዛ መጋዘን እያለ ቻርጅ ሳይደረግ ወራት ከርሟል። ደረቅ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ከዛ በኋላ ብትሞሉትም አይመለስም። ዜሮ ኪሎሜትር የነዳ ሞተር ላይ የሞተ ባትሪ ይገኛል ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ ቻርጅ ይደረግና ዳገት ውጡበት፣ ሻጩን ከኋላ ጫኑት፣ ስትመለሱ ስድስቱን በየተራ ለኩ፣ አንዷ ከሌሎቹ አንድ ቮልት ከወረደች እሷ ናት የምታስቆማችሁ፣ ሰንሰለት ስለሆኑ በደካማዋ ልክ ነው ሁሉም የሚሰራው።

3000 ዋቱንም አትመኑ። ኮንትሮለሩ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ፣ ከፍተኛ አምፔር ተጽፏል፣ 30 ካለ 72 ሲባዛ በ30 ማለት 2160 ነው፣ ኮንትሮለሩ የማይሰጠውን ሃይል ሞተሩ ከየት ያመጣዋል? እሱም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ የሚሰጠው ነው፣ ረጅም ዳገት ላይ ጎማ ውስጥ ያለው ሞተር ይግላል፣ ጠረኑን ትሰሙታላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልልም ግን አንድ ነገር። አንዳንድ ሻጭ “ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሰሌዳም ፈቃድም አይጠየቅም” ይላል። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ 30 ቀን 2011 ሞተር ሲታገድ የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ያቆመ ስንት ሰው ነበር። ስለዚ ሻጩን ሳይሆን የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሞዴሉን ነግራችሁ ጠይቁ፣ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተመታው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ “ዲክላራሲዮኑ እየመጣ ነው” ከተባለ ብሩም እየመጣ ነው በሉ።

ደረሰኙ ላይ የባትሪው ዓይነትና አምፔር ይጻፍ። “ኤሌክትሪክ ሞተር 1” ብሎ የሚቆርጥላችሁ ሰው ነገ ሊቲየም ነው አላልኩም ይላል፣ እኛም ልጁ ጋ የተቸገርነው እዚጋ ነው፣ ደረሰኙ ላይ ምንም የለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ጥሩ ህግ ነው፣ ግን ንግድ ቢሮ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሏችሁ ደረሰኝ አምጣ ነው። ጋራንቲም እንደዛው፣ 3 ዓመት ሲሏችሁ የምኑ በሉ፣ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ነው እንጂ የባትሪው ስድስት ወር እንኳን ላይሆን ይችላል፣ በጽሁፍ ካልሆነ ደሞ የለም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ አትደንግጡ፣ ደረቅ ባትሪም ቢሆን ከያዛችሁት ይኖራል። ባዶውን አታሳድሩት፣ መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ከመንዳታችሁ በፊት ሙሉት፣ እንደገባችሁ በትኩሱ አትሰኩት ትንሽ ይቀዝቀዝ፣ የምትተኙበት ክፍል ውስጥም ቻርጅ አታድርጉ። አንዷ ፍሬ ስትሞት አዲስ ከአሮጌ ጋ አትቀላቅሉ፣ አዲሷን አሮጌዎቹ ይገሏታል። ወደ ሊቲየም ልቀይር የምትሉም አላችሁ፣ ይቻላል፣ ብዙ ሰርተናል፣ ግን ባትሪውን ብቻ ገዝታችሁ በድሮው ቻርጀር እንዳትሰኩት፣ ይሄ ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ቻርጀሩ ከባትሪው ጋ አብሮ ይገዛል፣ ኮንትሮለሩም ስንት ቮልት ላይ እንደሚዘጋ መታየት አለበት።

የልጁን ነገር ገና ይዘነዋል፣ ምስክር የሚሆን አብሮት ሄዶ የነበረ ጓደኛ ስላለው ቅሬታ አስገብቷል፣ የሚሆነውን ስሰማ እጽፋለሁ። ሞተር ልትገዙ ሄዳችሁ ግራ የገባችሁ የቻርጀሩን ጀርባ፣ የኮንትሮለሩን ጽሁፍና ወንበሩ ተነስቶ ያለውን ባትሪ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ አይቼ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የት ልግዛ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፣ ከማንም ጋ ኮሚሽን የለኝም።