ሥሩን ሳታዩ የፎሶሊያ ችግኝ አትግዙ

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰንዳፋ አካባቢ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

ሱሉልታ ውስጥ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ሰው 60 የፎሶሊያ ችግኝ ገዛሁ። አንዱ በ15 ብር፣ በጠቅላላው 900 ብር። ቅጠሉ ገርጥቶ ነበርና ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጥላ ሥር ስለቆየ ነው እህቴ፣ መሬት ሲነካ ይነሳል» አለኝ። በዚያ ላይ በሃይላንድ የተሞላ ፈሳሽ ማዳበሪያ በ300 ብር ሸጠልኝ። ስም የለው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ የለው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ 41 ችግኝ ሞተብኝ።

ነገሩን ያሳዩኝ ጎረቤቴ ያሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ገና ያልተከልኩትን አንዱን አንስተው «እስቲ አፈሩን አሽትቺው ልጄ» አሉኝ። የረጋ ረግረግ ነው የሚሸተው። ፕላስቲኩ ከታች አንድም ቀዳዳ የለውም። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ በጣት ሲነኩት ልጡ ይላቀቃል። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው። የበሰበሰ ሥር ማዳበሪያውን በምኑ ይምጠጠው? 300 ብሬ የፈሰሰው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ችግኝ ከፕላስቲኩ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ትታችሁ ሂዱ።

መገርጣት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቢጫው ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይረዳዋል። ያልበሰበሰ ሰጋቱራ የተቀላቀለበት አፈርም ናይትሮጅኑን ይሻማል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አንሶታል። ይህንን አመድ የበዛበት ወይም ውሃ የተኛበት አፈር ያመጣዋል። ቅጠሉ ዥንጉርጉርና የተጨማደደ ከሆነ ግን ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ ወደ ጓሮአችሁ አታስገቡት። ግንዱ አፈር አጠገብ አብጦ ከተሰነጠቀም የአንዲት ትንሽ ዝንብ ትል ገብቶበታል፤ እሱንም አትንኩት።

ፎሶሊያ ከሥሩ ላይ የምስር ክክ በሚያክሉ እብጠቶች ውስጥ ባክቴሪያ ይዞ ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል። ስትሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። በሁለት ሳምንት ችግኝ ላይ ግን ላታዩት ትችላላችሁ፣ አትደንግጡ። ዩሪያ ካበዛችሁበት እነዚህ እብጠቶች በደንብ አይፈጠሩም።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሥሩ ነጭ ከሆነ ተስፋ አለው። ፕላስቲኩን ብሱት፣ ውሃ ቀንሱ፣ ለአንድ ሳምንት የጠዋት ፀሐይ እያስለመዳችሁ ቆዩ። የገረጣው ቅጠል ብዙውን ጊዜ መልሶ አይለመልምምና አዲስ የሚወጣውን ተመልከቱ። አዲሱም ከገረጣ አትትከሉት።

እውነቱን ለመናገር ፎሶሊያ በችግኝ የሚገዛ ነገር አይደለም። ሥሩ ሲነካ አይወድም። ዘሩን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቀብራችሁ እዚያው ጓሮ ዝሩት፤ አፈሩ ሞቅ ካለ በ10 ቀን ገደማ ይበቅላል። ሱሉልታ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ መብቀሉ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ አለ፤ ፎሶሊያ ውርጭ አይችልም።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ቅዳሜ ዕለት በዚያ ሳልፍ ያው ቀዳዳ የሌለው ፕላስቲክ፣ ያው የገረጣ ችግኝ ተደርድሮ አየሁ። አንዲት እናት ዋጋ እየጠየቁ ነበር። ጠጋ ብዬ «እማማ፣ መጀመሪያ ሥሩን ያሳይዎት» አልኳቸው።