በካንሰር ሳቢያ ሆድ ወይም ሳንባ ውሃ ሲቋጥር፦ በመርፌ ማስቀዳት ወይስ ቋሚ ቱቦ?

እናቴ የኦቫሪ (የሴት ዕንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ታማ ሆዷ ውሃ ሲቋጥር ከመንዝ ደብረ ብርሃን እናመላልሳት ነበር። መቀነቷ አልደርስ ብሏት በነጠላ ትታሰር ነበር፤ ሁለት ጉርሻ ሳትውጥ «በቃኝ» ትላለች። ውሃው በተቀዳላት ማታ ግን በጀርባዋ ተኛች፣ ሽሮም አማራት። ውሃውን ለመቀነስ የሚደረገው ሕክምና ሁሉ ካንሰሩን አይነካም፤ የሚገዛው እንዲህ ያለ ማታ ነው።

በመርፌ ማስቀዳት ቀዳሚው ነው። በአልትራሳውንድ አይተው፣ ቦታውን አደንዝዘው በአንድ ቀን ብዙ ሊትር ያወጣሉ። ከሳንባ ዙሪያ ሲሆን ግን ከ1.5 ሊትር በላይ በአንዴ ማውጣት ሳንባውን ሊጎዳው ስለሚችል ቀስ ይላሉ። ክፋቱ ውሃው መመለሱ ነው፤ አንዳንዱ በወር፣ አንዳንዱ በሳምንት። በየዙሩ ፕሮቲን ይወጣል፣ የአዳርና የመኪናው ወጪም አለ።

ቋሚ ቱቦ ከቆዳ ስር አልፎ እዚያው ይቀመጣል፤ ቤተሰብ ቤት ሆኖ ይቀዳዋል። ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ታናሽ እህቴ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጓንት አድርጋ ታስወርደው ነበር። የቱቦውን ዋጋ ስትጠይቁ ውሃው የሚጠራቀምበትን የጠርሙሱን ወይም የከረጢቱንም ጠይቁ። የሸጠልን ሰው ይህን ስላልነገረን ዕቃው አልቆብን እናቴ ሁለት ቀን ተጨንቃለች። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም የደፈረሰ ውሃ ከታየ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳያድሩ መሄድ ነው።

ለሳንባ ብቻ ደግሞ ታልክ የሚባል ዱቄት ጨምረው የሳንባውንና የደረቱን ሽፋኖች ማጣበቅ አለ። ከያዘ ምልልሱ ይቀራል፤ ነገር ግን ውሃው ሲወጣ ሳንባው በደንብ መነፋት አለበት፣ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል መተኛትም ይጠይቃል።

ሽንት የሚያበዛ ኪኒን፣ እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለው፣ ካንሰሩ ጉበት ላይ ተሰራጭቶ ውሃ ሲያመጣ ሊረዳ ይችላል። የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ለተዘራ ካንሰር ግን ብዙም አይሠራም።

እኔ ብጠየቅ፣ ውሃው በወር አንዴ ከሆነና ሆስፒታሉ ቅርብ ከሆነ መርፌው ይበቃል እላለሁ። በየሳምንቱ ከተመለሰና ቤት ውስጥ ንጽሕና የሚጠብቅ ሰው ካለ ቱቦውን አስገቡ። ሕመምተኛው በጣም ከደከመ ደግሞ መንገዱ ራሱ ያሰቃየዋል፤ ያኔ ሐኪሙን ትንፋሽ የሚያቀል ሞርፊን ቤት ድረስ እንዲያዝላችሁ ለምኑት።